ተገልብጣ የቆመችው ዓምድ

ያየሁት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ኮላው ደርቋል፣ ሰሙ ተቀብቶ ተወልውሏል፣ ሣጥኑም ሳሎን ውስጥ ገለባ ተነጥፎበት አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። እኔ የቀረኝ አቧራውን በጢም መላጫ ብሩሽ ማራገፍ ብቻ ነበር። ብሩሹን በዓምዶቹ መካከል አስገብቼ ሳወጣ አንዷ ላይ እጄ ቀጥ አለ። እንደገና አየሁ። መነጽሬን አውልቄ በቀሚሴ ጫፍ ጠርጌ አየሁ። ዓምዷ ተገልብጣ ቆማለች።

ለማያውቅ ሰው ይኼ ምንም አይደለም። የባለቤቴን ሥራ ላላየ ሰው ግን ትንሽ ማስረዳት አለብኝ።

እሱ እንጨት በቶርኖ፣ እያሽከረከሩ በሚቀርጹበት ማሽን ነው የሚሠራው። የወንበር እግርና የደረጃ መደገፊያ ሲያዞር ኖረ፤ እያደር ግን ልቡ ወደ ጌጥ ሥራ ሄደ። በጥንት ዘመን ከድንጋይ የታነፁትን ባለ ዓምድ ሕንፃዎች በመጽሐፍ እያየ፣ ጠረጴዛ ላይ እስኪቀመጡ ድረስ አሳንሶ በእንጨት ይሠራቸዋል። እንጨቱም እዚህ የሚገኝ ዓይነት አይደለም። በመርከብ የሚመጣ፣ እንደ ድንጋይ የሚከብድ፣ ሲቆረጥ አንዱ ቅመም ቅመም ሌላው ቆዳ ቆዳ የሚሸት ነው። ይኼኛው ሥራ ክብ ነው፤ ከታች በቀይ እንጨት የተሠሩ ክብ ደረጃዎች፣ ከላይ እንደ ግማሽ ብርቱካን የተደፋ ቢጫ ጉልላት፣ መካከል ላይ ዙሪያውን የቆሙ ጥቁር ዓምዶች። ዓምዶቹ ዞጲ ከሚባለው ጥቁር እንጨት ናቸው። እያንዳንዷ ከትንሿ ጣቴ ትቀጥናለች፤ ከእግር እስከ ራሷም ቦይ ቦይ ተቆፍሮባታል።

እንዲህ ያለች ዓምድ ከእግሯ ወፈር፣ ወደ ራሷ ሰብሰብ ትላለች። ልዩነቱ የወረቀት ያህል ነው። ጓደኞቿ ሁሉ ወደ ላይ ሲቀጥኑ ያቺ አንዷ ወደ ታች ትቀጥናለች። አንዴ ካዩት በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ማየት አይቻልም፤ ድግስ ላይ ጫማውን ግራና ቀኝ አዟዙሮ እንደመጣ ሰው።

ያዘዘው አርክቴክት ነገ ጠዋት ይመጣል። ያስተማሩት ሽማግሌ ጡረታ ወጥተው ነገ ከሰዓት በኋላ ይሸኛሉ፤ ስጦታው ለእሳቸው ነው። ሌላ ደንበኛ ቢሆን ሳያየው ወስዶ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠው ነበር። ይኼ ሰው ግን ዓምድ ሲያይ የኖረ ነው፤ የሚሰጣቸው ሰውዬም እንደዚያው። ቀጠሮ ይራዘም ማለትም አይቻልም፤ የሽኝት ቀን ለኛ ብሎ አይጠብቅም።

ብሩሹን አስቀምጬ ሣጥኑ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ሰው ቢያየኝ ስለ እንጨቷ የማስብ ይመስለው ነበር። እኔ የማስበው ስለ ሳንባ ነው።

ሐኪሙ የባለቤቴን ራጅ መብራቱ ላይ ሰቅሎ፣ በእስክሪብቶው ጫፍ እየዞረ አሳይቶናል። የእነዚህ እንጨቶች ብናኝ እንደ ተራ ብናኝ አይደለም፤ ሳንባን ያስቆጣል፣ የጥቁሩ ደግሞ ይብሳል። «ጭምብል አደርጋለሁ» አለው ባለቤቴ። «ጭምብሉ ድሮ ነበር የሚያስፈልግዎት» አለ ሐኪሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። ለመንሁት፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ፤ እሱ ደግሞ እያሳለ ይስቅብኛል። ዜና ነው የሚለኝ፣ ሁልጊዜ የማወራው ክፉ ክፉውን ስለሆነ። «የማታው ዜና ጀመረ» ይልና ጀርባውን ይሰጠኛል። በስንት ጭቅጭቅ አንድ ቃል ሰጠኝ፦ ይኼን ሥራ ይጨርስና ቶርኖውን ያቆማል። እኔም በልቤ ቆርጬ ነበር። አርክቴክቱ ሣጥኑን ተሸክሞ እንደወጣ የሥራ ቤቱን በር እቆልፋለሁ፤ ጓዳው አጠገብ ካለችው ምስማር ላይ ቁልፉን አነሳና እሱ ከማያገኘው ቦታ አስቀምጣለሁ። ይኼን እያሰብኩ ነበር ስወለውል የዋልኩት። ደስ ብሎኝ ነበር ማለት ይቻላል።

አሁን ከነገርኩት ተነስቶ ይገባል። ያንን ጥቁር እንጨት እንደገና ሊያዞር፣ ብናኙን እንደገና ሊምግ። ካልነገርኩት ነገ ሰው ፊት ያፍራል። ባለቤቴ በእጁ ሥራ አፍሮ አያውቅም፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ እኔ ደግሞ የማላውቀው ነገር ሁሉ ሬሣ ሆኖ ነው የሚታየኝ።

ከመኝታ ቤት ሳሉ ይሰማኛል። ከቀትር ጀምሮ ትራስ ደራርቦ ተቀምጦ ነው የዋለው፤ ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል። ጨርቁን አንስቼ ሥራውን ሸፈንኩት። ከዚያ ገለጥኩት። ከዚያ መልሼ ሸፈንኩት።

ልጄ ከሥራ ስትመለስ እዚያው ነበርኩ። ጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ናት። ቀኑን ሙሉ የመሰርሰሪያ ድምፅ ስትሰማ ውላ ስለምትመጣ፣ ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው ነገር ሬዲዮ ማጥፋት ነው። የምታጠፋው ሬዲዮ ስታጣ ወደ እኔ መጣች።

«እማዬ፣ ምነው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ድምፅሽን ቀንሺ።»

«ፊትሽ ለቅሶ ቤት መስሏል እኮ።»

«ነይ እስኪ ይኼን እዪልኝ። ምን ይታይሻል?»

ጨርቁን አነሳሁ። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ጎንበስ አለች። እኔ ስንት ጊዜ ዓይኔን ጠርጌ ያገኘሁትን እሷ ወዲያው ጣቷን አስቀመጠችበት።

«ይቺ ተገልብጣለች።»

«በቃ፣ ዓይኔ ያታለለኝ መስሎኝ ነበር።»

«ወይኔ አባዬ። ምልክት ሳያደርግ ነው የቆረጣት።»

«የምን ምልክት?»

«ከአንድ ዘንግ ሁለት ነው የሚያወጣው አይደል? እግርና እግራቸውን አገናኝቶ። መሃሉ ይወፍራል፣ ዳርና ዳሩ ይቀጥናል። ከዚያ መሃሉን ሲቆርጠው የተቆረጠው ፊት ላይ በነጭ እርሳስ ነጥብ ያደርጋል፤ እግሩ የቱ ጋ እንደሆነ እንዳይጠፋው። ነጥቧ ከሌለች ሁለቱም ጫፍ አንድ ነው የሚመስለው።»

«አንቺ ይኼን በምን አወቅሽ?»

ቦርሳዋን አወረደች። «ሲያወራ ሰምቼ ይሆናል» አለች፣ ሣጥኑን እያየች።

ልገፋበት አልፈለግሁም። ልጄ ትምህርት ቤት ሳለች የሹራቧ እጅጌ ቶርኖው ላይ ተይዞ ነበር። ሹራቡ ተበጥሶ ሄደ፤ ክንዷ ላይ ጠባሳ ቀረ፤ ባይበጠስ ኖሮ ክንዷ ነበር የሚሄደው። ከዚያ ወዲህ እኔ ባለሁበት ቤት ማሽኑ አጠገብ ቆማ አታውቅም። አባቷንም አስምዬዋለሁ፣ እሷንም አስምያታለሁ።

«አባዬ አይቶታል?»

«አላየም። አትንገሪው።»

«ነገ ሰውዬው ሲያየውስ?»

«ላያየው ይችላል።»

«እማዬ፣ አንቺ ነሽ እንዲህ የምትዪው? አንቺ እኮ ሰማይ ጥርት ሲል ጃንጥላ የምትይዢ ሰው ነሽ።»

ይኼን ስትል ሳቅ አመለጣት፤ እኔም ሳልፈልግ ሳቅሁ። ሳቃችን ነው መሰለኝ ያስነሳው። ዘወር ስንል በር ላይ ቆሟል፤ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ በአንድ እጁ መቃኑን ይዞ።

«ምንድን ነው የሚያስቃችሁ?» አለ። ከዚያ የተገለጠውን ሥራ አየ፣ እኔን አየ። «ለምን አልታሸገም?»

ቀስ ብሎ መጥቶ ጎንበስ አለ። በዓይኑ አልፈለገም። የሌባ ጣቱን ከአንዷ ዓምድ ወደ ሌላዋ እያሳለፈ፣ ዓይነ ስውር ሰው ፊት እንደሚዳስስ ዞረ። ያቺ ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ወደ ላይ ወጣ፣ ወደ ታች ወረደ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ይጮሃል ብዬ ነበር። አልጮኸም። ትንፋሹ እስኪመለስለት ጠበቅን።

«ስቆርጣት ሳል ያዘኝ» አለ በመጨረሻ። «ከእጄ ወደቀች። ከእንጨት ፍቅፋቂው ውስጥ ፈልጌ አነሳኋት። እርሳሱን ልይዝ ስል እንደገና ሳል ያዘኝ፤ ከዚያ ረሳሁት። እንደዚህ ያለ ጥፋት ተለማማጅ ሳለሁ እንኳ አላጠፋሁም።»

«ይሁን፣ ሰው ነህ» አልኩት።

«ሰው መሆኔን ለአርክቴክቱ ንገሪልኝ።» ብድግ አለ። «መጋዟን ስጪኝ፣ አለቃ።»

አለቃ የሚላት ልጃችንን ነው። ድክ ድክ ስትል ጀምሮ ስለምታዘው። አሁን ግን አለቃዋ አልተነቃነቀችም፤ እኔን ነው የምታየው። እኔ ደግሞ ሄጄ የሥራ ቤቱ በር ላይ ቆሜያለሁ። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም።

«አትገባም» አልኩት።

«ዞር በይ እስኪ» አለኝ በሩ ጋ ደርሶ።

«አትገባም። ከፈለግህ ግደለኝና በላዬ ተራምደህ ግባ። ሐኪሙ ያለውን አንተም ሰምተሃል፣ እኔም ሰምቻለሁ።»

«አንዲት ዓምድ ናት! አንዲት!»

«እስከ ዛሬም አንዲት አንዲት እያልክ ነው እዚህ የደረስከው።»

ሊመልስልኝ አፉን ከፈተ፤ ሳሉ ቀደመው። መቃኑን ይዞ ጎንበስ አለ፤ ትከሻው ይነሳል ይወድቃል። ልጄ ሮጣ ከኪሱ ፓፉን አውጥታ አፉ ላይ አደረገችለት፤ ያንን የሚስበውን መድኃኒት። ሲረጋጋ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ግንባሩ ላብ አውጥቶ ነበር። ያን ጊዜ ነው ልጄ የተናገረችው።

«እኔ እሠራዋለሁ።»

«ምኑን?» አልኩ።

«ዓምዷን። ዞጲው ተርፏል፤ አንድ ቁራጭ መደርደሪያው ላይ አለ።»

«አንቺ እንዴት ታውቂዋለሽ?»

አባትና ልጅ ተያዩ። ከዚያ እሱ ወለሉን ማየት ጀመረ፤ ሰርቆ የተያዘ ልጅ ይመስል። ገባኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ገበያ እሄዳለሁ፤ ከገበያ ወደ እህቴ እሄዳለሁ፤ የምመለሰው አመሻሽ ላይ ነው። ቅዳሜ ማታ ደግሞ የልጄ ፀጉር ውስጥ ሁልጊዜ ቡናማ ነገር አያለሁ።

«ፎረፎር መስሎኝ» አልኩ። «ፎረፎር መስሎኝ ሻምፖ እገዛልሽ የነበረው!»

«ጥሩ ሻምፖ ነበር እኮ» አለች።

«ዝም በይ አንቺ! ማላችሁልኛል ሁለታችሁም!»

«እሷ ናት ያስገደደችኝ» አለ ባለቤቴ።

«አባዬ!»

ብዙ መናገር እፈልግ ነበር። ግን ደክሞኝ ነበር፤ ዛሬ የጀመረ ድካምም አይደለም። ስፈራለት የኖርኩት ክንድ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ማሽን ላይ ሲሠራ ኖሯል፤ እኔ በዚያ ሰዓት ቲማቲም እየመረጥኩ ስለ ሌላ ነገር ስጨነቅ ነበር። ጭንቀቴ ማንንም አልጠበቀም ማለት ነው። እሱ ደግሞ አሁንም መቃኑን አልለቀቀም፤ ዓይኑ በሩ ላይ ነው። ዘወር ካልኩ ይገባል። ወይ የሱ ሳንባ፣ ወይ የሷ ጣት። ሴት ባሏንና ልጇን ሚዛን ላይ አስቀምጣ እንዴት ትመርጣለች? እኔ ግን መምረጥ ነበረብኝ፤ በር ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ።

«ተቀመጪ» አልኳት።

«እማዬ—»

«ተቀመጪ ነው የምልሽ። በተንዘላዘለ ፀጉር አትገቢም።»

ፀጉሯን ወደ ኋላ ስቤ፣ እስክትጮህ ድረስ አጥብቄ ጎነጎንኩት። ከዚያ ገላ ስንታጠብ የምናጠልቀውን ላስቲክ ቆብ አመጣሁና ጆሮዋ ድረስ አለበስኳት። የክሊኒኳን ሸሚዝ አስወልቄ የራሴን አሮጌ ቲሸርት ሰጠኋት፤ እጅጌው ረዘም ያለ መሰለኝና በመቀስ ከትከሻው ቆረጥኩት። ቀለበቷንና የአንገት ሐብሏን አወለቅሁ። ጭምብሉን፣ ከላዩ መነጽሩን አደረግሁላት። አባቷ ዳር ቆሞ ያያል።

«ሽንኩርት ሆነች» አለ።

«አንተ ከበሩ መስታወት ወዲያ ነህ» አልኩት። «እግርህ ደፉን ቢረግጥ ማሽኑን በመዶሻ ነው የምሰብረው።»

ባለ ዓምዱን ሥራ ከሳሎን ተሸክመን ወደ ሥራ ቤቱ አስገባነው። የሥራ ቤቱ በር ከላይ መስታወት አለው። ወንበር አምጥቼ ከበሩ ውጭ አስቀመጥኩለት፤ በሩን ዘጋሁት፤ ከሥሩ እርጥብ ፎጣ ሸጎጥኩ። እኔ ከልጄ ጋር ውስጥ ቀረሁ፤ አፍና አፍንጫዬን በሻርፕ ጠቅልዬ። ግድግዳው ላይ የማሽኑ ማጥፊያ አለ፤ ሄጄ እጄን እሱ ላይ አደረግሁ።

«እማዬ፣ እዚያ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እዚህ ነው የምቆመው።»

«እጅሽን አንሺ።»

«ሥራሽን ሥሪ።»

መጀመሪያ የተገለበጠችውን ዓምድ በቀጭኗ መጋዝ ቆርጣ አወጣቻት፤ ጉልላቱን ሳትነካ፣ ከላይና ከታች በካርቶን ከልላ። ከዚያ ጥቁሩን ቁራጭ ከማሽኑ ሁለት ጫፎች መካከል አስራ ዓይኗን ወደ መስታወቱ አነሳች። ባለቤቴ በጣቱ መስታወቱን አንድ ጊዜ መታ። ማሽኑን አስነሳች።

ያንን ድምፅ ስሰማ ኖሬያለሁ፣ ግን ከኩሽና ሆኜ ነው። ቅርብ ሲሆን ሆድ ውስጥ ነው የሚሰማው። መሮዋን ስታስጠጋ ጥቁር ብናኝ ተነስቶ እንደ ጭስ ሄደ። ጣቶቿ መሮው ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ከሚሽከረከረው እንጨት በጣም ቅርብ። እኔ ጣቶቿን ብቻ ነበር የማየው። ተወልዳ ሳቅፋት መጀመሪያ የቆጠርኩት እነሱን ነው።

እንጨቱ እየቀጠነ፣ ቅርጹ እየመጣ ሳለ ድንገት ጮኸ። ስለታም፣ የሚያርድ ጩኸት። ሳላስብ ማጥፊያውን ጫንኩት።

ማሽኑ ሞተ። መሮው በዚያ ቅጽበት እንጨቱን ነክሶ ነበርና፣ ፍጥነቱ ሲወድቅ ዘለለ። ልጄ እጇን ሰበሰበች። እጇ ደህና ነው። እንጨቱ ላይ ግን ከመሃሉ ዝቅ ብሎ ጠባሳ ተቆፍሯል።

«እማዬ! ምን አደረግሽ?»

«ጮኸ!»

«እንጨት ነው፣ ይጮሃል! ደረቅ ሲሆን ይጮሃል! ሌላ ቁራጭ የለም እኮ!» መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋችው፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ሌላ የለም። አበላሸሽው።»

ቀኑን ሙሉ ክፉ ነገር ስጠብቅ ውዬ፣ በመጨረሻ በገዛ እጄ ጠርቼ አመጣሁት። መስታወቱ ተንኳኳ። ባለቤቴ ተነስቶ ቆሟል፤ አፉ ይንቀሳቀሳል፤ መስታወቱ በትንፋሹ ጉም ለብሷል። ልጄ ወደ በሩ ሄዳ ጆሮዋን አስጠጋች።

«ጥልቀቱ ምን ያህል ነው?» ሲል ሰማሁት።

ጥፍሯን ጠባሳው ላይ አሳለፈች። «የጥፍሬ ጫፍ ይገባል።»

«እንጨቱ የሚነሳልሽ ሥጋ ገና አለው። ዳርና ዳሩን አትንኪ። በስሱ፣ በስሱ ውረጂ፤ ጠባሳው ይጠፋል። ከዚያ ቦዩ የቀረውን ይበላዋል።» አረፈ፣ ሳለ፣ ቀጠለ። «እናትሽን አትቆጪ። እኔም መጀመሪያ ቀን እንጨት አበላሽቻለሁ፤ እሷ ቢያንስ ማጥፊያውን አግኝታዋለች።»

ልጄ ተመለሰች። ማሽኑን ከማስነሳቷ በፊት አየችኝ። እጄን ከማጥፊያው ላይ አነሳሁ። የት እንደማደርገው አላወቅሁም፤ ሻርፔ ሥር ከተትኩት። እንጨቱ ከዚያ በኋላ ሁለቴ ጮኸ። ሁለቴም ዓይኔን ጨፈንኩ እንጂ አልተነቃነቅሁም።

ጠባሳው ሳሳ፣ መሥመር ሆነ፣ ጠፋ።

ቦዩን መቆፈሩ ሌላ ሥራ ነው፤ ጸጥ ያለ። እንጨቱ ቆሞ ትንሿ ምላጭ ናት የምትሽከረከረው። ልጄ ምላጯን ከእግር እስከ ራስ ትወስዳትና፣ ዳር ላይ ያለውን ዙሪያውን የተበሳ የናስ ሳህን ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ታዞረዋለች፤ ሹሏ ሽቦ ቀዳዳው ውስጥ ስትገባ እንጨቱም አብሮ ዞሮ ይቆማል። እንደገና ከእግር እስከ ራስ። አንድ ቀዳዳ ከተዘለለ ዓምዷ ዋጋ የላትም። ባለቤቴ መስታወቱ ላይ ግንባሩን አስደግፎ በከንፈሩ አብሯት ይቆጥራል። ቀና ብላ አላየችውም፤ አላስፈለጋትም። ስትጨርስ ገና ማሽኑ ላይ እያለች የወፍራሙን ጫፍ ዳር በነጭ እርሳስ ነጥብ አደረገችበት።

ጉልላቱን ሳያነሱ ዓምዷን እንዴት እንደሚያስገቡ እኔ አልገባኝም ነበር። ልጄ የዓምዷን እግር በስታ፣ ቀጭን የናስ ሚስማር ቀዳዳው ውስጥ እስከ ላይ አስገባች፤ ደረጃው ላይም የምታርፍበትን ቦታ በሳች። ኮላውን ከላይና ከታች ቀባች። ዓምዷን ቀጥ አድርጋ፣ ሚስማሩ እንዳይወርድ ከሥሯ ስስ ወረቀት ይዛ፣ በጎን አንሸራተተቻት። ልክ ቦታዋ ስትደርስ ወረቀቱን ሳበች። ሚስማሩ በራሱ ክብደት ወደ ታች ወርዶ ደረጃው ውስጥ ሲገባ ጠቅ አለ። በጣም ትንሽ ድምፅ ናት። ባለቤቴ ከመስታወቱ ወዲያ መስማቱን አላውቅም፤ ራሱን ነቀነቀ እንጂ።

ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ እንዳትነካው ብዬ በእርጥብ ጨርቅ እኔው ጠረግሁት። ጥቁሩ ውሃ ሦስት ባልዲ ወጣው። ልጄ ቆቡን አውልቃ ግድግዳው ተደግፋ ተቀምጣ ነበር፤ ክንዷ እስከ ትከሻዋ ጠቁሮ፣ ያቺ የድሮ ጠባሳ ብቻ ነጣ ብላ ትታያለች። ሥራውን ወደ ሳሎን አውጥተን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው። ባለቤቴ ጣቱን ይዞ ዞረ፤ ከአንዷ ወደ ሌላዋ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። አዲሷ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ምነው?» አለች ልጄ።

«ከሌሎቹ ትሻላለች» አለ። «ትንሽ ሥራውን ታበላሸዋለች፤ የኔዎቹን ታሳንሳለች።»

«አባዬ፣ እውነት? ልሙት በል።»

«ልሙት። በቅርቡ።»

«በቃህ አንተ ሰውዬ!» አልኩ፤ ሁለቱም ሳቁ፤ የሱ ሳቅ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ፓፉን ፍለጋ ኪሱን መዳበስ ጀመርን።

ከዚያ የቀረው በሩ ብቻ ነበር። ልጄ መብራቱን አጠፋችና ወጣች። ቁልፉን ከምስማሩ ላይ ያነሳችው እሷ ናት። ከጠዋት ጀምሮ ያን ቁልፍ እንዴት እንደምደብቅ ሳስብ ነበር፤ የስኳር ጣሳ ውስጥ ልክተተው፣ ለእህቴ ልስጣት። አሁን ልጄ እጅ ላይ ሳየው ለመቀማት አቅም አልነበረኝም። ብቀማትስ ቅዳሜ ገበያ መሄዴ አይቀር።

«እኔ ባለሁበት ነው የምትሠሪው» አልኳት። «ቆቡንም ታደርጊያለሽ።»

«እሺ።»

«ማጥፊያው ጋ እቆማለሁ።»

«እሺ፣ ግን ሳትነኪው።»

ቁልፉን አስገብታ አዞረችው፤ አልዞረም። እንደገና ሞከረች። በሩ ዘመም ብሏል፤ ጠባዩን የሚያውቀው ሰው አንድ ብቻ ነው። ቁልፉን አውጥታ ወደ አባቷ ዘረጋችለት። እሱ ሁለት እጁን ጋቢው ውስጥ አድርጎ ቆሟል። ቁልፉን አየው። እጁን አላወጣም።

«እጀታውን ይዘሽ ወደ ላይ አንሺው» አላት። «ጠንከር አድርገሽ። አዎ። አሁን አዙሪ።»

በጉልበቷ ደግፋ አነሳችው። ቁልፉ ዞረ።